የቆቃ ውኃና የደም ዋጋ

ልጆቻቸውን ይዘው ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ ወላጆች ዛሬ ብዙዎች ናቸው። የሚወጡትም በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም፥ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግፍ ላለቁት በስድስት ኪሎ የቆመውን ሐውልት፥ በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን የተቀበሉትን የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ምስል ለልጆቻቸው ለማሳየት ነው። ይህ የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን ገና ከቤታቸው ሳይርቁ፥ ከጦርነቱ መታሰቢያዎች ትልቁን በስተግራቸው ትተውት ያልፋሉ። ማንም ሐውልት ብሎ አይጠራውም፤ ጽሕፈትም የለበትም። እርሱም የቆቃ ውኃ ነው።

አዋሽ ተገድቦ የተኛበት ይህ ውኃ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ገሊላ ይባል ነበር። አዳማም ናዝሬት ትባል ስለ ነበረ፥ ሁለቱ የወንጌል ስሞች በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኖሩ። ዛሬ ከተማይቱ ጥንታዊ ስሟን ይዛለች፤ የገሊላን ስም የሚያስታውሱት ግን ሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢጣልያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወሰናችንን ጥሶ ገባ፤ በአውሮፕላንና በመርዝ ጢስ ሕዝቡን ፈጅቶ አገሪቱን አምስት ዓመት ከያዘ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ድል ሆነ። የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የኢትዮጵያ መንግሥት የሞተውንና የጠፋውን ቈጥሮ ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት አቀረበ። በዚያ ቈጠራ የሞቱት 760,300 ሰዎች፥ የፈረሱትና የተቃጠሉት 2,000 አብያተ ክርስቲያናትና 525,000 ቤቶች ናቸው። ጉዳቱ ሁሉ ተገምቶ ከ184 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ ሆነ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ740 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል።

በየካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ እንድትከፍል የተወሰነባት ግን 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከተጠየቀው ከሠላሳ አንዱ እጅ ያህል መሆኑ ነው። እርሱም ቶሎ አልተከፈለም። በ1948 ዓ.ም. በተደረገው ሌላ ስምምነት ከ16 ሚሊዮን በጥቂት ወደሚበልጥ ዶላር ዝቅ አለ፤ በዚህም ገንዘብ የቆቃ ግድብና የኤሌክትሪክ ማመንጫው ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። (በዚያው የፓሪስ ውል የተዘረፈው ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስ ተጽፎ ነበር፤ የአክሱም ሐውልት ወደ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። የፈራሚዎቹ ወር ከእኛ ወር የረዘመ ኖሯል።)

አንድ ጊዜ ከአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋራ ወደዚህ ውኃ ዳር ወርጄ ነበር። በሙዚየም ቢሆን ኖሮ ጎራዴውና መድፉ ልባቸውን ይስብ ነበር፤ የእኔም ድካም በቀለለ። ልጆች በመሣሪያ ፊት ሲቆሙ የሚማሩት ማሸነፍን ነው፤ በየካቲት 12 ፎቶግራፎች ፊት ሲቆሙ ደግሞ፥ በተለይ ትንንሾቹ፥ ከመፍራት በቀር የሚይዙት ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። የተቈረጠ ራስ በእጁ ይዞ የሚስቅ ወታደር ያለበትን ሥዕል ለሰባት ዓመት ልጅ ማሳየት ማስተማር አይመስለኝም። በቆቃ ግን ምንም የሚታይ የለም። ውኃ አለ፤ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ ዕድል ከቀና ጉማሬ ራሱን ብቅ ያደርጋል። ስለዚህ ታሪኩን ሰው ካልነገራቸው በቀር ልጆቹ ዓሣ በልተው ይመለሳሉ።

ነገርኋቸው። ቍጥሩን ስናገር ከልጆቹ አንዱ ደብተሩን አውጥቶ ማካፈል ጀመረ። 25 ሚሊዮኑን ለ760,300 ሲያካፍለው ለአንድ ሰው 33 ዶላር እንኳ የማይሞላ ሆነበት። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደግሞ አካፈለ። ኋላ የተስማሙበትን ገንዘብ ብነግረው ወደ 21 ዶላር ወረደ። ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን፥ ከብቱንና እህሉን ከዚያው ላይ መቀነስ እንደሚገባ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን ዝም አልሁ።

በዚህ ጊዜ አንዲት ልጅ፥ «አባ፥ ይቅርታ ጠይቀዋል ወይ?» አለችኝ።

ይህች ልጅ ያደገችበት አገር ጉማ የሚባለው ሥርዓት ያለበት የኦሮሞ አገር ነው። በጉማ ሥርዓት ገዳይ ወገን ከብቱን ነድቶ ቢያመጣ፥ ከብቱ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። አስቀድሞ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ በደሉ በአደባባይ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ካሳው ተሰጥቶ ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ። በቤተ ክርስቲያናችንም ቀኖና የሚሰጠው ኃጢአቱን ለተናዘዘ ነው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው የቀማውን ቀምቻለሁ ብሎ ነው። እንግዲህ ካሳ ተከፍሎ በደሉ ሳይነገር ቢቀር ያ ገንዘብ ምን ተብሎ ይጠራል? የልጅቱ ጥያቄ ይህን ሁሉ ይዟል፤ እርስዋ ግን የጠየቀችው በየዋህነት ነበር።

መልሱን ሳልሸፍን ነገርኋት። ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምራ አሥር ሰዎች በጦር ወንጀል እንዲጠየቁ ጠይቃ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ ደም አንዳቸውም በፍርድ ሸንጎ ፊት አልቆሙም። ግራዚያኒ ደብረ ሊባኖስን ያስፈጀ ሲሆን፥ በ1942 ዓ.ም. በሮማ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስለ መተባበሩ ነው፤ 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቀቀ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ትንሽ ከተማ የመታሰቢያ ሕንጻ ተሠራለት። ይህን ስናገር ልጆቹ ይቈጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይልቁንም የዚያች ከተማ ልጆች ወደ ሕንጻው ሲወሰዱ ምን ይነገራቸው ይሆን ብለው እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ። እንደዚህ ያለውን ጥያቄ እኔ አስቤው አላውቅም ነበር።

በሒሳቡ ያልገባ ሌላም ደም አለ። ከውኃው ወደ ደቡብ በዝዋይ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው መንገድ በ1933 ዓ.ም. የጦር መንገድ ነበር። ሻሸመኔ በግንቦት 6 ቀን ስትያዝ በዝናብና በጭቃ ከተዋጉት መካከል ከኬንያና ከጎረቤቶቿ የመጡ የአፍሪካ ወታደሮች ነበሩ። ከአምስት ቀን በኋላ በአላባ ቁሊቶ አንድ የዚሁ ጦር ሳጅን፥ ናይጄል ሊኪ፥ በጠላት ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ በእጁ ማረከው፤ ሌላውን ሲያሳድድ ወደቀ። ዛሬ በዚያ መንገድ ቲማቲምና ሽንኵርት የሚጭኑ መኪናዎች ይመላለሳሉ።

ከውኃው በታች የቀረው መሬት ገበሬ ያረሰው፥ ከብት የተሰማራበት ነበር፤ ስለ አገር ደም የተከፈለው ካሳ የእነርሱን ማሳ አስጥሞ ነው የተተከለው። ውኃውንም ራሱን አዋሽ ከደጋ እየጠረገ የሚያመጣው ደለል ከዓመት ዓመት እየሞላው ነው። ለልጆቹ ይህንንም ነገርኋቸው።

ወደ አዳማ ስንመለስ መሽቶ የከተማው መብራት በርቶ ነበር። ደብተሩን የያዘው ልጅ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ዛሬ ከብዙ ግድቦች ተቀላቅሎ እንደሚመጣ፥ ከቆቃም ጥቂት እንዳለበት ነገርሁት፤ እርሱም እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ድረስ በመስኮት ሲመለከት ቆየ።