የከተማው አማካይና የሾላ ገበያ ልጆች

አዲስ አበባ በሕፃናት ደኅንነት መለኪያዎች ከአገሪቱ ቀድማ ትታያለች። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የመዲናዋ ልጆች የቀነጨሩት 15 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል 46 በመቶ ነበሩ። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ ያሰሉት ዘርፈ ብዙ የሕፃናት ድህነት ደግሞ ልዩነቱን ያሰፋዋል፤ ከስድስት መሠረታዊ ዘርፎች ቢያንስ ሦስቱ የጎደሉባቸው ልጆች በአዲስ አበባ 18፣ በአማራ 91 በመቶ ነበሩ። መቀንጨርን ለማጥፋት የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሥራውን ከተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች መጀመሩ ከዚህ አንጻር ትክክል ነበር።

ሆኖም የአዲስ አበባና የአማራ ቁጥሮች በየካ ክፍለ ከተማ፣ ሾላ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። መቀንጨር በአብዛኛው የሚከሰተው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት ነው። ከገጠር መጥቶ በሾላ የሽንኩርት ጆንያ የሚሸከም ታዳጊ ጉዳቱን ይዞት መጥቶ ሊሆን ይችላል። በመቀንጨር ስሌት የሚገባው ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ግን የእርሱ ቁመት የከተማዋን አኃዝ አይነካም። በረንዳ የሚያድር ከሆነ ጭራሹን ከናሙናው ውጪ ነው፤ ጥናቱ የሚመርጠው ቤተሰብ ነውና፣ ቤት የሌለውን ልጅ ፈልጎ የሚመጣ መረጃ ሰብሳቢ የለም። ይህን እንደ ጥቃቅን ቴክኒካዊ ጉድለት ማየት ይከብደኛል። ከቆጠራው የሚወጡት በጣም የተቸገሩት ናቸው።

ጉሊት ላይ የተቀመጠች እናት ያዘለችው ሕፃን ቢያንስ በናሙናው የመካተት ዕድል አለው። ይሁንና የ2016ቱ ናሙና የተቀዳው ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ምሥራቃዊ አዲስ አበባ፣ ከመገናኛ እስከ አያትና ሰሚት፣ መልኩን ለውጧል። ውጤቱም ለመላ ከተማዋ እንጂ ለየካ ክፍለ ከተማ ወይም ለአንድ ወረዳ እንዲናገር አልተነደፈም። የቦሌ ቪላ ልጅና የጉሊቷ ልጅ አንድ አማካይ ውስጥ ይገባሉ።

ሌላ ግዙፍ ጥናት መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናት ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን በ20 ቦታዎች እየተከታተለ፣ ያንኑ ልጅ ደጋግሞ መለካት የአንድ ጊዜ ጥናት የማያሳየውን እንደሚገልጥ አስመስክሯል። በወረዳ ደረጃ ለዚህ የሚያገለግል መነሻ አለ፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ማኅደር ይይዛሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረትም የልደት ምዝገባ ተጀምሯል። ምዝገባው ገና ብዙ ይቀረዋል፤ በ2016ቱ ጥናት ልደታቸው የተመዘገበው ከ5 ዓመት በታች ልጆች በአገር አቀፍ ደረጃ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ መዝገቦች ተናብበው በወረዳ ተለይተው ቢታተሙ፣ በጀት ሲደለደል ክርክሩ በአማካይ አይዘጋም።

የከተማዋ የትምህርት ቤት ምገባ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚደርሰው ለተመዘገበ ተማሪ ነው። በትምህርት ሰዓት ሾላ ውስጥ ጆንያ የሚሸከመው ልጅ ምሳውም ቆጠራውም ያልፈዋል። ስለዚህ የየካ ወረዳዎች የልጆችን ቁመት፣ ክብደት፣ የትውልድ ቦታና ማደሪያ መመዝገብ ቢጀምሩ፣ ከቤት ለቤት ጉብኝቱ ጎን ለጎን በገበያው ውስጥ፣ ረፋድ ላይ ሊያደርጉት ይገባል።