ማጋደል፦ የህንድ ውቅያኖስ ዳይፖል በአማርኛ

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሶማሌ ክልል ቆላ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ዋቢ ሸበሌ ከአልጋው ወጣ፤ መንደር ከመንደር ተቆራረጠ። ያ አገር ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈውበት ከብቱን የጨረሰ አገር ነው። ከድርቅ የተረፈችውን ላም ጎርፍ ሲወስዳት ያየ ሰው «ይህ አየር ምን ነካው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱም ብዙ ነው፤ ደመና ማበልጸግ ያመጣው ነው የሚል አለ፣ የህዳሴ ግድብ ሐይቅ አየሩን ቀየረው የሚልም አለ።

የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ግን ዓይናቸውን የሚጥሉት ባሕሩ ላይ ነው። በመግለጫቸው «የህንድ ውቅያኖስ ዳይፖል»፣ ሲያሳጥሩት «አይኦዲ» የሚሉት ነገር አለ። ዳይፖል ሥረ ነገሩ ግሪክ ነው፤ ሁለት ዋልታ ማለት ነው። ቃል በቃል «ጥንድ ዋልታ» ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ዋልታ ሲባል በረዶና ውርጭ የሚታየው አንባቢ ከዚህ ስም ምንም አያገኝም። እኔ የምመርጠው «የህንድ ውቅያኖስ ማጋደል» የሚለውን ነው። በአህያ ጀርባ ላይ ያለ ጭነት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አጋደለ እንላለን። በዚህ ባሕርም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሙቀቱ ወደ አንድ ዳርቻ ያመዝናል።

በተለመደው ጊዜ በምድር ወገብ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ሞቃቱን የባሕር ገጽ ውሃ ወደ ምሥራቅ እየገፋ ኢንዶኔዥያ አጠገብ ያከማቻል፤ ዝናቡም በብዛት እዚያው ይወርዳል። አንዳንድ ዓመት ግን ከግንቦትና ከሰኔ ጀምሮ ይህ ነፋስ ይደክማል፣ ሲብስም ዞሮ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ያኔ በሱማትራና በጃቫ ዳርቻ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ወደ ላይ ይወጣል። ሞቃቱ ውሃ ወደ እኛ ወገን፣ ወደ ሶማሊያና ወደ ኬንያ ጠረፍ ይከማቻል። የምሥራቁ ቅዝቃዜ ነፋሱን ያበረታዋል፤ የበረታው ነፋስ ደግሞ ቅዝቃዜውን ያባብሰዋል፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ መስከረም ይጠባል። ከሞቃቱ ባሕር የተነሣው እርጥበት ደመና ሆኖ ወደ አፍሪካ ቀንድ ሲገባ ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ይደርቃሉ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ፣ አውስትራሊያ በሰደድ እሳት በአንድ ሰሞን የተመቱት እንዲህ ባለ ብርቱ ማጋደል ወቅት ነው። ያ ዝናብ ያበቀለው ለምለም ለአንበጣው መንጋም መራቢያ ሆኗል።

ይህን ሁኔታ ሳይንሱ «ፖዘቲቭ»፣ ተቃራኒውን «ነጌቲቭ» ይለዋል። «አዎንታዊ» እና «አሉታዊ» ብሎ መተርጎም ግን ሰው ያሳስታል። ወንዝ ዳር ለሰፈረ ቤተሰብ «አዎንታዊ ዳይፖል ይጠበቃል» ቢባል የምሥራች ይመስለዋል፤ የሚመጣው ግን ጎርፍ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ወደ እኛ ሲያደላ «ምዕራብ ያጋደለ»፣ ወደ ኢንዶኔዥያ ሲያደላ «ምሥራቅ ያጋደለ» ብንል ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል። ምሥራቅ ያጋደለ ዓመት ለቦረና ሀገያ፣ ለሶማሌ ደይር፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ለሚጠበቀው ዝናብ ክፉ ነው። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ከላኒና፣ ማለትም ከፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ጋር ገጥሞ የመጣው እንዲህ ያለው ነበር።

ስሙ የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን በሐሩር ስትቃጠል የህንድ ክረምት ግን ዝናቡ ሞልቶ ነበር። ይህን ዓመት የመረመሩት ሳጂ፣ ያማጋታና ባልደረቦቻቸው ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1999 «ኔቸር» መጽሔት ላይ አወጡ። እስከዚያ ድረስ ሁሉ ነገር በኤልኒኖ፣ ማለትም በፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ይሳበብ ነበር። ማጋደል የኤልኒኖ ልጅ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም። ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ በ1990 ዓ.ም. እና በ2016 ዓ.ም. አብረው ነበሩ። ግን እ.ኤ.አ. በ1961 ኤልኒኖ ሳይኖር ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ተመታ፤ የቪክቶሪያ ሐይቅም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ለእኔ ይህ አንድ ዓመት ብቻውን ትልቅ ምስክር ነው፤ ባሕራችን የፓስፊክን ፈቃድ ሳይጠብቅም ያጋድላል።

የምድር ሙቀት መጨመርስ? ሱማትራ አጠገብ ያሉ የዛጎል ድንጋዮች፣ ኮራል የሚባሉት፣ በየዓመቱ ሲያድጉ የባሕሩን ሙቀት በአካላቸው ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ይህን መዝገብ ሲያነብ ከ13ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ባሉት፣ መረጃ በተገኘላቸው ዓመታት ውስጥ አሥር እጅግ ብርቱ ማጋደሎችን አግኝቷል፤ ከአሥሩ አራቱ የመጡት ባለፉት 60 ዓመታት ነው። ከሁሉ የበረታው ግን እ.ኤ.አ. በ1675 የደረሰው ነው፤ ፋብሪካ ሳይኖር ማለት ነው። ስለዚህ ማጋደልን ሰው አልፈጠረውም። የሙቀቱ መጨመር ብርቱውን እያዘወተረው ይሄዳል የሚለው ስጋት ግን ባዶ አይደለም፤ የበካይ ጋዝ ልቀት ካልተገታ ከ17 ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው በ6 ዓመት አንዴ ይሆናል ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የሞዴል ስሌት ገምቷል።

ወደ ጭምጭምታው ልመለስ። ደመና ማበልጸግ ያለውን ደመና ይቀሰቅሳል እንጂ ከሶማሊያ እስከ ታንዛኒያ ለወራት የሚዘንብ ደመና አይወልድም። የህዳሴ ሐይቅም ቢሆን ስፋቱ 1,900 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሚያጋድለው ባሕር ጋር አይወዳደርም።

ጉዳዩ የቆላው ብቻ አይደለም። ደገኛው ጤፉን አጭዶ ገና ሳይከምር፣ ወይም አውድማ ላይ ዘርግቶ ሳለ በኅዳር ዝናብ ቢወርድበት እህሉ ይረግፋል፣ ይጠቁራል፣ እርጥቡ ነዶ ውስጥም ይበቅላል። በ1990 ዓ.ም. የበጋ ዝናብ የደረሰ ሰብል በማሳ ላይ አበላሽቷል። በዚያው ዘመን በኬንያና በሶማሊያ ከጎርፉ የተፈለፈለው ትንኝ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን አዛመተ፤ ሳዑዲ ዓረቢያም የቀጣናውን የቁም ከብት አልገዛም አለች። በበርበራ ወደብ በኩል በጉንና ፍየሉን የሚሸጠው የእኛ አርብቶ አደርም ገበያው ተዘጋበት።

ባሕር ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ማጋደሉ ከነሐሴ ጀምሮ ይታያል። የአውስትራሊያ ሚቲዎሮሎጂ ቢሮ በምዕራቡና በምሥራቁ ባሕር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከልማዱ በ0.4 ዲግሪ ሲርቅና ለሳምንታት ሲቆይ ማጋደል ሲል ኖሯል፤ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ 2 ዲግሪን አልፎ ነበር። ስለዚህ የበጋው ትንበያ ሲነገር «ምዕራብ ያጋደለ» የሚል ከተሰማ፣ ደጋ ላይ የደረሰውን ሰብል ፈጥኖ መሰብሰብ፣ ቆላ ላይ ከወንዝ ዳር ከብትና ልጅ ማራቅ ነው። እስከ መቼ ለሚለውም መልስ አለ፦ ታኅሣሥ ላይ ነፋሱ በወቅቱ ሲዞር ማጋደሉ አብዛኛውን ጊዜ ይፈርሳል።