በደጅ የተሰጠ ቃል

ከእናንተ መካከል የሠርግ ቀን ቆርጣችሁ ቦታ በመፈለግ ላይ ያላችሁ አትጠፉም። አንዱ ሐይቅ ዳር ይመኛል፤ ሌላዋ ዛፍ የበዛበት ግቢ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ኪራዩ ትጨነቃላችሁ። ከእኛ በፊት የነበሩ ክርስቲያኖችም ከቤት ውጭ ይጋቡ ነበር። ቦታውን የሚመርጡበት ምክንያት ግን ልናስብበት ይገባል።

እስቲ ወደ መካከለኛው ዘመን እንግሊዝ እንሂድ። በዚያ ዘመን በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት ወንድና ሴት በፈቃዳቸው ቃል ከተለዋወጡ ጋብቻው ይጸና ነበር፤ ቄስና ምስክር ባይኖሩም እንኳ። ስለዚህ በዛፍ ሥር፣ በአትክልት ስፍራ፣ በመንገድ ላይ የተጋቡ ነበሩ። በኋላ አንዱ «ቃል ገብተንልሃል፣ ገብተሽልኛል» ሲል ሌላው ይክዳል፤ ክርክሩም ወደ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዛፉ አይመሰክር ነገር! የተካደችው ሴት ቃሉን የሰማላት ሰው ከሌለ ምን ይዛ ትቆማለች?

እ.ኤ.አ. በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ በስውር መጋባትን ከለከለ፤ ጋብቻው አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን እንዲነገርም አዘዘ። በእንግሊዝ የተለመደው የቃል ኪዳን ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነበር። ሙሽሮቹ ከበሩ ፊት ቆመው በሕዝብ መካከል ቃል ይለዋወጣሉ። ባል ለሚስቱ የሚመድብላትም ንብረት እዚያው ሊነገር ይችላል፤ መበለት ብትሆን ድርሻዋን የሰማ ጎረቤት አላት። ከዚያ በኋላ ለጸሎት ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ከተሐድሶ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1549 የወጣው የእንግሊዝ የጸሎት መጽሐፍ ሙሽሮቹን ከደጅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አስገባቸው። ወዳጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ግን አብረዋቸው እንዲገቡ አደረገ። እ.ኤ.አ. የ1753 ሕግ ደግሞ ከኩዌከሮችና ከአይሁድ በቀር ሁሉም በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲጋባ አስገደደ። ባፕቲስቶችና ሌሎች ወንጌላውያን በራሳቸው ጸሎት ቤት መጋባት የቻሉት ከ1836ቱ ሕግ በኋላ ነው። ያ ሕግም ቢሆን በሩ ክፍት እንዲሆንና ሁለት ምስክሮች እንዲገኙ ጠይቋል። በእንግሊዝና በዌልስ የሲቪል ጋብቻ በተፈቀደ ቦታ ግቢ ውስጥ፣ ከጣሪያ ውጭ፣ እንዲፈጸም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነው።

ዳስ ጥለው ሰፈሩን የሚጠሩ ወላጆቻችን ይህን ነገር ያውቁታል። ዳስ ግድግዳው ቅጠል ነው፤ አላፊው ያያል፣ ጎረቤቱ ይሰማል።

እንግዲህ ሜዳ ወይም ሐይቅ ዳር ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ። አያታችሁ ከመኪና ወርደው እስከዚያ መራመድ ይችላሉ? የኅብረታችሁ ልጆች የትራንስፖርት ገንዘብ ከየት ያገኛሉ? ነፋሱ ድምፃችሁን ይወስደው ይሆን? መጋቢያችሁና ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ተቀምጠው የሚያዩት ካሜራውን ብቻ እንዳይሆን። ከዓመታት በኋላ ትዳራችሁ ሲፈተን፣ «ቃላችሁን ሰምቻለሁ» ብሎ ቤታችሁን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋችኋል። ያ ሰው በዚያ ቀን በቦታው እንዲገኝ አድርጋችሁ ምረጡ።