የሚታይ ማቆም፣ የተደበቀ ማቆም፦ የጂዛን ታዳጊዎችና ሲጋራ

ከአቡ ዓሪሽ እስከ ሳምጣህና የጡዋል ድንበር ባሉት የደቡብ ሳዑዲዋ የጂዛን አውራጃ ከተሞች ሲጋራ ብቻውን አይገኝም። በሕግ የተከለከለው ጫት ከየመን በኮንትሮባንድ ይገባል። ከንፈር ሥር የሚያዝ «ሸማ» የተባለ ትንባሆም አለ (ከምንለብሰው ሸማ ጋር አይገናኝም)፤ በአካባቢው ከሚታየው የአፍ ካንሰር ጋር ይያያዛል። ስለዚህ አንድ ታዳጊ «አቆምኩ» ሲል የትኛውን እንዳቆመ መጠየቅ ይገባል። ምርቃና ሲጀምር ሲጋራ እንደሚለኮስ የጫት ከተማችን የአወዳይ ሰው ሳይነገረው ያውቃል።

ሲጋራን በማቆም ረገድ የጾታ ልዩነት ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ወደ አካል ያዘነብላል። መሠረት አለው፤ ኤስትሮጅን ኒኮቲን ከሰውነት የሚወገድበትን ፍጥነት ይጨምራል፤ በአዋቂዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የኒኮቲን ፕላስተር ሴቶችን ከወንዶች ባነሰ መጠን እንደሚረዳ አመልክተዋል። ይሁንና ይህ ማስረጃ በአብዛኛው ከምዕራባውያን አዋቂዎች የተሰበሰበ ነው፤ በጂዛን የሳብያ ከተማ ያለን የ16 ዓመት ልጅ ለመግለጽ አይበቃም።

በእኔ ግምት በጂዛን ወሳኙ ጥያቄ «ማን ያየዋል?» የሚለው ነው። ወንዱ የሚያጨሰው ከሰዓት በኋላ ጫት ከሚቅሙ ጓደኞቹ መሃል ነው። ከእነርሱ ጋር እየተቀመጠ ሲጋራውን መተው ይከብደዋል፤ ከቀረ ደግሞ ባልንጀሮቹን ያጣል። ልጅቷ በድብቅ ካጨሰች የምታቆመውም በድብቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚብሰው ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መጨመር በቤተሰቡ ዓይን ጠባይ ይመስላል። እናቷ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት እውነቱን መናገር ማጨሷን መናዘዝ ነው። ወንዱን ጓደኛ ሲጎትተው እርሷን የሚያደክማት ብቸኝነት ነው።

ድብቅነቱ ቁጥሩንም ያዛባል። በአውራጃው ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በማጨስ ወንዶቹ ሴቶቹን በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ያሳያሉ፤ መለኪያቸው ግን በአብዛኛው የተማሪው ቃል ነው። በአገራችን በኢትዮጵያም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአዋቂዎች ጥናት ትንባሆ እንደሚጠቀሙ የተናገሩት ወንዶች 8.1 በመቶ፣ ሴቶች 1.8 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስፋቱን ግን አላምንም። ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚተወውን ኮቲኒን በምራቅ ውስጥ መለካት አፍ የሸሸገውን ያወጣል።

ሳዑዲ በ2017 እ.ኤ.አ. በትንባሆ ላይ መቶ በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ጥላለች፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ መሸጥም ክልክል ነው። ሲጋራ ማስቆሚያ ክሊኒኮችም አሉ። ሆኖም ቤተሰብ ሳያውቅ ከቤት የማትወጣ ልጅ እዚያ አትደርስም። የሚቀጥለው ጥናት ከትምህርት ቤቷ ይጀምር፤ ጠያቂዋም ሴት ነርስ ትሁን።