ያለ እጅ የተነዳችው ላንቺያ

ከመካከላችሁ አዲስ መኪና ወይም አዲስ ፉርጎኔ የያዘ ሰው በራኮርዶው ላይ መሪው በገዛ እጁ ሲገፋው አይቶ ይሆናል። መኪናው ወደ መስመሩ ጠጋ ሲል መሪው ቀስ ብሎ ወደ መሐል ይመልሰዋል፤ ፍሬቻ ሳያሳይ ረድፍ ልቀይር ካለም ይታገለዋል። ለመሆኑ ይህ ነገር ከየት መጣ? ከታሪኩ ትልቁ ምዕራፍ የተጻፈው ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚሁ ኢጣሊያ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጀማሪዎቹ ኢጣሊያኖች ናቸው ለማለት አይደለም። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ኤርንስት ዲክማንስ በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የመርሴዲስ ቫን በካሜራ ዓይን ብቻ እንዲሄድ አድርገው ነበር። በ1995ም ሌላ መርሴዲስ ከሙኒክ ተነሥቶ ዴንማርክ ድረስ ዘለቀ። በዚያው ዓመት አሜሪካኖቹ ከፒትስበርግ እስከ ሳንዲያጎ ሞከሩት። የፓርማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለዩት በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በርካሽ ዕቃ መሥራታቸው ነው።

በአልቤርቶ ብሮጂ የሚመራው ቡድን የወሰደው መኪና ተራ ላንቺያ ቴማ ነበር። ስሟን አርጎ አሏት። ከፊት መስታወቷ ጀርባ ሁለት ጥቁርና ነጭ ካሜራዎች ተገጠሙላት። አንጎሏ ያኔ ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ ቤቱ ሊያስቀምጠው የሚችለው ዓይነት የፔንቲየም ኮምፒውተር ነበር፤ መሪዋን የሚያዞረው ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር። ነዳጅና ፍሬን ግን በሰው እግር ሥር ነበሩ። እንግዲህ ማሽኑ የተሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ ረድፍህን ጠብቅ!

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ካሜራው ከፊት ያለውን መንገድ ያያል፤ ነገር ግን በካሜራ ዓይን ሁለቱ ነጭ መስመሮች እየራቁ ሲሄዱ የሚገናኙ ይመስላሉ። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ገልብጦ ከሰማይ ቁልቁል እንደሚታይ አድርጎ ይዘረጋዋል። ያን ጊዜ መስመሮቹ እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ከዚያ በጥቁር አስፋልት መካከል ቀጥ ብሎ የወረደ ነጭ ነገር ይፈልጋል። ያገኘውን መስመር ብሎ ይይዛል፤ መኪናዋንም በመካከሉ ያስኬዳል። ይኸው ነው። መንገድ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀለም ነው።

በሰኔ 1998 ቡድኑ አርጎን ይዞ ወጣ። ለጉዞው የሰጡት ስም «ሚሌ ሚሊያ በአውቶማቲክ» የሚል ነበር፤ ከብሬሻ ተነሥቶ ሮማ ደርሶ ይመለስ ከነበረው ከጥንቱ የመኪና እሽቅድምድም የተወሰደ ነው። በስድስት ቀን ውስጥ ከሰሜን ኢጣሊያ ወርደው ሮማንም ነክተው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ። መንገዱ ባዶ የሙከራ ሜዳ ሳይሆን ካሚዮንና የሽርሽር መኪና የሞላበት እውነተኛው አውቶስትራዳ ነው። አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ አንዳንዴ ከ120 ያልፉ ነበር። ከመንገዱም 94 ከመቶውን መሪውን የያዘው ኮምፒውተሩ ነው።

ጋዜጦቹ 94ቱን አወደሱ። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ያለው በቀሩት 6 ከመቶ ላይ ነው። ከ2,000 ኪሎ ሜትር 6 ከመቶ ማለት 120 ኪሎ ሜትር፣ ከሮማ ኦርቪዬቶ እንደማለት ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ሰው መሪውን መልሶ መያዝ ነበረበት። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ስናይ የሚያስደንቅ ነገር የለም፤ ሁሉም እኛ በየቀኑ የምናልፋቸው ናቸው። ወደ ጋለሪያ ሲገቡና ሲወጡ ብርሃኑ በድንገት ስለሚለወጥ ርካሹ ካሜራ ለጊዜው ይታወራል። የመንገድ ጥገና ባለበት መስመሩ ይጠፋል ወይም አቅጣጫውን ይቀይራል። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታም አለ። በ90 ፍጥነት መኪና በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ካሜራው ለሁለት ሴኮንድ ቢታወር 50 ሜትር በጨለማ ተኬደ ማለት ነው። የአርጎ ሰዎች አደጋ ያልገጠማቸው መሐንዲሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተቀምጦ ይጠብቅ ስለነበረ ነው።

የፓርማዎቹ በዚያ አላቆሙም። በ2010 አራት የኤሌክትሪክ ፒያጆ ቫኖች ይዘው፣ በሩሲያና በካዛክስታን አቋርጠው፣ በሦስት ወር ውስጥ ሻንጋይ ገቡ፤ 13,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። መስመር ያልተቀባበት አገር ሲገጥማቸውስ? ፊተኛው ቫን መንገዱን ያሳያል፣ ኋለኛው ይከተለዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የካሚዮን መብራት ተከትሎ የወረደ ሾፌር ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል፤ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልገውም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪናና ቀላል ፉርጎኔ ሁሉ ረድፍ የሚያስጠብቅ መሣሪያ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ማጥፋት ይቻላል፤ ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ግን እሱም አብሮ ይነሣል። ካሜራው ከ1998ቱ እጅግ የተሻለ ነው፤ በሮማ ሰፈሮች ውስጥ በዝግታ ስትነዱ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፣ የሚነቃው ራኮርዶውና አውቶስትራዳው ላይ ነው። ሆኖም ዛሬም የሚፈልገው ያንኑ ቀለም ነው። በመጋቢት 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ራሱን ይመራ የነበረ አንድ የቴስላ መኪና፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ የደበዘዘውን መስመር ስቶ ወደ መለያው ገባና ከግንቡ ተላተመ፤ ሰውየው ሞተ። መርማሪዎቹ መሣሪያው አቅሙ ውሱን መሆኑንም፣ ሾፌሩ ሐሳቡ ስልኩ ላይ እንደነበረም ጽፈዋል።

ፖሊስ ሲመጣ «መኪናው ነው የወሰደኝ» ማለት አያዋጣም። የኢጣሊያ የመንገድ ሕግ አንቀጽ 141 ሾፌሩ ምን ጊዜም መኪናውን በቁጥጥሩ ሥር እንዲያደርግ ያዛል። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ፓቴንታ በነጥብ ነው፤ መነሻው 20 ሲሆን በየጥፋቱ ይቀነሳል። በኢጣሊያንኛ ፈተና ስንት ሌሊት አጥንቶ ፓቴንታውን ያወጣ፣ ዕቃ በማድረስ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወገን ነጥቡ ባለቀ ቀን የሚያጣው ወረቀት ብቻ አይደለም።

በተለይ የመንገድ ሥራ ያለበትን ቦታ ልብ በሉ። እዚህ አገር ጊዜያዊው መስመር በቢጫ ይቀባል፣ ነጩ ግን ብዙ ጊዜ ሳይፋቅ ከሥሩ ይቀራል። ለእኛ ቢጫው እንደሚያዝ ግልጽ ነው። ማሽኑ አንዳንዴ ነጩን መርጦ ወደ ሠራተኞቹ አጥር ሊጎትት ይችላል። ቢጫውን ገና ከሩቅ ስታዩ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ከጎተተም በርትታችሁ መልሱት፤ ለሰው እጅ እንዲሸነፍ ተደርጎ የተሠራ ነው።