የበኩሩ ስም፣ የተከታዩ ጠጅ

ከጎፋ እስከ ለቡ ባሉት ግሮሰሪዎች መደርደሪያ ላይ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» ጎን ለጎን ቆመው እናያለን። ሁለቱም የአንድ ቤት፣ የዝዋዩ (የዛሬው ባቱ) የካስቴል እርሻ ልጆች ናቸው። ሪፍት ቫሊ በኩሩ ነው፤ አካሺያ ዋጋው ቀለል ያለው ተከታይ ሲሆን ለስለስ ያለው ጣፋጭ ወይን በእርሱ ስም ይወጣል። ታዲያ ጠጪው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ «ያው የፈረንሳዩ ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ቅራሪ ነው!» ብሎ ይስቃል። እኛ ሁለቱም ልክ አይመስሉንም።

ካስቴል የቦርዶ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዝቶ ወደ አገራችን ገባ፤ ኋላም ዝዋይ ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተከለ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ገበያ ወጡ። ዘሩ የፈረንሳይ ቢሆንም አፈሩና ፀሐዩ የስምጥ ሸለቆ ነው። ስለዚህ «የፈረንሳዩ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

ቅራሪስ? ቅራሪ ማለት ጠላው ከተጠለለ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ጨምሮ የሚገኝ ነው። የታላላቅ ቤቶች ሁለተኛ ወይን ግን እንዲህ አይደለም። በ1855 ደረጃ በወጣለት በሶተርን ሻጋታ ያጠወለገውን ዘለላ ለቃሚዎች እየተመላለሱ ይመርጣሉ፤ ለበኩሩ ስም ያልበቃው በርሜል በሌላ ስም ይሸጣል። የሱዲሮ ቤት «ካስቴልኖ ደ ሱዲሮ» አለው፤ የሪዩሴክ ቤት ደግሞ «ካርም ደ ሪዩሴክ»። ኢኬም ከሁሉም ይብሳል፤ በ1992 እና በ2012 የተለቀመው ስሙን አይመጥንም ብሎ ጣፋጩን ጭራሽ አላወጣም። ይህ ውሃ መጨመር ሳይሆን ስምን መቆጠብ ነው።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ግብር ላይ ጠጁ ሁሉ የቤተ መንግሥት ጠጅ ነበር፤ ግን መኳንንቱ የጠራውን በብርሌ ሲጠጡ፣ ወታደሩ ቀጠን ያለውን በቀንድ ዋንጫ ይጠጣ ነበር። ሁሉም «የጃንሆይን ጠጅ ጠጣሁ» ብሎ ይወጣል፤ አልዋሸም። ልዩነቱ ግን በአደባባይ ይታይ ነበር፤ ዋንጫውን ያየ ማዕረጉን ያውቃል። በዛሬው ጠርሙስ ላይ ይህን የሚነግረን ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ጥቂቱ ሰው ነው ወረቀቱን የሚያነበው።

በአካሺያ ላይ ግን አንፈርድም። የበኩሩን ስም አልተዋሰም፤ የራሱን፣ የግራርን ስም ይዞ ነው የወጣው። ይልቅ የሚያጠያይቀን የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጣፋጭ ቀይ ወይን «አክሱማይት» ነው። ይህኛው ስሙን የወሰደው ከታላቅ እርሻ አይደለም፤ ከታላቅ መንግሥት ነው። አክሱም ራሷ ወይን በመጥመቅ ይሁን ብለን ብንጠይቅ፣ በአንደኛው ምእተ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ ወደ አዱሊስ የሎዶቅያና የኢጣልያ ወይን ጠጅ በመጠኑ ይገባ እንደነበር ይነግረናል። የጥንቱ አክሱማዊ ጌታም የሚጠጣው የሌላ አገር ስም የያዘ ጠጅ ነበር ማለት ነው።