ምልክት የሌለው ቀለሃ ምን ይመሰክራል?

የጦርነት ታሪክ በብዛት የሚጻፈው ከደብዳቤ፣ ከውልና ከተዋጊዎች ትዝታ ነው። ይሁን እንጂ ከጽሑፍ ሌላ በአፈር ውስጥ የቀረ ምስክር አለ፤ እርሱም የተተኮሰው አረርና ባዶው ቀለሃ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት ከተሠሩት ጥይቶች መካከል የፋብሪካ ስምም ሆነ ዓመት ያልተቀረጸባቸው ጥቂት አይደሉም፤ የተቀረጸባቸውንም ቢሆን ዘመን ይፍቃቸዋል። አረሩማ ከመነሻውም ጽሕፈት የለው። እንዲህ ያለውን ዲዳ ማዕድን የሚያናግሩት ካሊፐርና ሚዛን ናቸው።

ለዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው የዓድዋ ጦርነት ነው። በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ ውጅግራ የተባለው ነው። ሬሚንግተንም ነበር፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል ከሆነው የግብፅ ጦር ብዙ ሬሚንግተን ተማርኮ ነበርና። የኢጣልያ ሠራዊት በበኩሉ አዲሱን ካርካኖ ትቶ በአመዛኙ አሮጌውን ቬተርሊ ይዞ ተሰለፈ።

ቀለሃ ሲገኝ መጀመሪያ ርዝመቱ ይለካል። የውጅግራ 59፣ የግብፁ ሬሚንግተን 50፣ የቬተርሊ 47 ሚሊሜትር ያህል ነው። አፉ ተጨፍልቆ ወይም ተቀድዶ ርዝመቱ ካልታወቀ የግርጌው ከንፈር ይለካል፤ ወፍራም በመሆኑ ቅርጹን ይጠብቃልና። የውጅግራው 17፣ የቬተርሊው 16 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል።

አረሩ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የውጅግራና የግብፁ ሬሚንግተን አረሮች በውፍረት እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ ድንጋይ ወይም አጥንት መትቶ የተጣመመውን በዲያሜትር ብቻ መለየት አያስተማምንም። እዚህ ላይ የሚረዳው በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ በእርሳሱ ላይ ያተመው መስመር ነው። የውጅግራ ቦይ ወደ ግራ ይዞራል፤ የሬሚንግተንና የቬተርሊ ወደ ቀኝ። ክብደትም ያግዛል፤ የውጅግራ አረር 25፣ እርሳስ የሆነው የቬተርሊ አረር 20 ግራም ያህል ነው። አረር ሲመታ ይጎድላል እንጂ አይጨምርምና ከ20 ግራም በግልጽ የሚበልጥ አረር የቬተርሊ ሊሆን አይችልም።

ይህ ሁሉ ግን የሚያስረዳው የጠመንጃውን ዓይነት እንጂ የተኳሹን ማንነት አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ድል ካደረጉት፣ በ1888 ዓ.ም. ኅዳርም በአምባላጌ ከወደቀው የኢጣልያ ጦር መሣሪያ ተማርኳል። ከዚህም በላይ ኢጣልያ ራሷ በውጫሌ ውል ዘመን ለምኒልክ ጠመንጃና ጥይት ልካለች። ስለዚህ የቬተርሊ ቀለሃ የተገኘበትን ቦታ ሁሉ «ኢጣልያኖች የቆሙበት» ብሎ በካርታ ላይ ማመልከት ታሪክን ማዛባት ይሆናል።

ሌላም ችግር አለ። በዚያ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ባዶ ቀለሃም ተለቅሞ ባሩድና አረር እንደገና ይሞላበት ነበር። በመሆኑም አንድ ቀለሃ ከተሠራበት ፋብሪካ እስከ ወደቀበት መስክ ብዙ እጅ አልፎ ሊሆን ይችላል። በማቀጣጠያው ጎድጓዳ ዙሪያ የሚታይ ጭረት እንደገና የመሞላት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በአጉሊ መነጽር ሊመረመር ይገባል።

እንግዲህ የተኳሹን ወገን የሚጠቁመው ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። ቀለሃ ተኳሹ የቆመበትን፣ አረር ደግሞ የተተኮሰበትን አካባቢ ያሳያሉ፤ ሁለቱ በካርታ ላይ ሲገናኙ የተኩሱ አቅጣጫ ይወጣል፤ ይህም ከጽሑፉ ታሪክ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ቦታው ሳይመዘገብ የተነሣ ቀለሃ ግን የጠመንጃውን ስም ከመናገር አያልፍም። ስለዚህ ከማንሣት በፊት መመዝገብ፣ ከማጽዳትም በፊት መለካት ያሻል፤ ያልተተኮሰ ጥይት ከተገኘም ሳይነኩ ለባለሙያ ማሳወቅ ግዴታ ነው። መንገድና ግድብ ለመሥራት አፈር የሚያስቆፍር መሐንዲስ ከታሪክ ጸሐፊው አስቀድሞ ከዚህ ምስክር ጋር ይገናኛልና፣ ቃሉን የመጠበቅ ኃላፊነት በመጀመሪያ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው።